ከዲፕሎማ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገር፤ የወላይታ መምህራን ጉዳይ እንደ ምሳሌ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በወላይታ ዞን በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ አያሌ መምህራን ወደ ሙያው የገቡት በዲፕሎማ ነው። ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ ይሻሉ። ፍላጎታቸው ተገቢ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለውይይት የቀረበው የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ የአንደኛ ደረጃ መምህር ጭምር በዲግሪ የሠለጠነ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የግል ምኞት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሙያው መመዘኛ ወደ መሆን ተቃርቧል።

ስለዚህ ጉዳይ በሚደረጉ ውይይቶች አዘውትሮ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ይግባ?» የሚለው ነው። ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈው ጥያቄ «የገባው ሰው ከየት ይጀምር?» የሚለው ነው። ሦስት ዓመት ተምሮና ተፈትኖ፣ ከዚያም ለዓመታት በክፍል ውስጥ ያስተማረ ሰው፣ ትናንት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣ ወጣት ጋር እኩል ከመጀመሪያው ገጽ እንዲጀምር ቢደረግ የእርሱም የመንግሥትም ሀብት ይባክናል። በአንጻሩ ደግሞ ያልተማረውን እንደ ተማረ ተቆጥሮለት ቢያልፍ፣ ጉድለቱ ውሎ አድሮ መገለጡ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ፣ ይኸውም የኮሌጅን ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጋር የማመሳከርን ሥራ፣ ማብራራትና ለአፈጻጸሙ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ማመልከት ነው።

2. መሸጋገሪያው በሌላ አገርና በአገራችን

ተማሪዎች ከአጭር ጊዜ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸጋገሩበት አሠራር ሰፊ ታሪክ ያለው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት የተቋቋመው የጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ የዚህ ዓይነት የሕዝብ ኮሌጆች መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በመኖሪያው አቅራቢያ በአነስተኛ ክፍያ ተምሮ፣ ቀሪዎቹን ሁለት ዓመታት በዩኒቨርሲቲ እንዲፈጽም ነው። አፈጻጸሙ ግን እንደ ሐሳቡ ቀና አልሆነም። የአገሪቱ የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች ካገኙት ክሬዲት በአማካይ 43 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል። ይህ የሆነው ተማሪዎቹ ስላልተማሩ አይደለም፤ የተማሩት ትምህርት በተቀባዩ ተቋም መዝገብ ውስጥ አቻ ስላልተገኘለት ነው።

ከዚህ ችግር በመነሣት አንዳንድ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድመው ይዋዋላሉ። ለምሳሌ ያህል፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የአካባቢው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመሩት የጋራ አሠራር፣ ተማሪው ገና በኮሌጅ ሳለ እስከ ዲግሪው ድረስ የሚወስዳቸው ኮርሶች ተዘርዝረው ይሰጡታል። የሚቆጠርለትና የማይቆጠርለት ትምህርት ከመነሻው ይታወቃል ማለት ነው።

በአገራችን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር በሁሉም ረገድ የሚመሳሰል ተቋም የለም። ይሁን እንጂ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተቀራራቢውን ቦታ ይዘዋል። ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። የአሜሪካው ኮሌጅ ከዓላማዎቹ አንዱ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ አጋማሽ ማስተማር ሲሆን፣ የእኛዎቹ ግን የተቋቋሙት ሠልጣኙን በቀጥታ ለሥራ ለማብቃት ነው። ስለዚህ የኮሌጆቻችን ሥርዓተ ትምህርት ሲቀረጽ ከፊቱ የነበረው የክፍል ውስጥ ሥራ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት አልነበረም። የማመሳከሩ ሥራ የሚከብደውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሆኖም መሸጋገሪያው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በመጀመሪያ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ወደ ዲግሪ ከፍ ብሎ ለዛሬው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። ዲፕሎማ በጥሩ ውጤት የፈጸሙና ያገለገሉ ባለሙያዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የቀድሞ ትምህርታቸው በከፊል የሚቆጠርበት፣ በተለምዶ «አድቫንስድ ስታንዲንግ» ይባል የነበረው አሠራርም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይታወቅ ነበር።

በአሁኑ ጊዜ ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አግኝቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው መንገድ ይህን ያህል ሲጠብ፣ ኮሌጅ የብዙ ወጣት መንገድ ይሆናል። መንገዱ መቀጠያ ከሌለው ግን ኮሌጅ የትምህርት መጨረሻ ሆኖ ይቀራል።

3. የወላይታ ሁኔታ

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ የወላይታ መምህር ዲግሪ ለመያዝ ወደ ሀዋሳ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከሁምቦ ወይም ከገሱባ የሚነሣ መምህር ሶዶ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። የርቀቱ ችግር በዚህ መልክ ሲቃለል ሌሎች ሦስት ጉዳዮች ጎልተው ታይተዋል።

የመጀመሪያው የአስተዳደር ክልሎች መለወጥ ነው። በሥራ ላይ ያሉ በርካታ የወላይታ መምህራን ዲፕሎማቸውን ያገኙት ከአርባ ምንጭ፣ ከሀዋሳ ወይም ከሆሳዕና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። እነዚህ ኮሌጆች በዚያን ጊዜ በአንድ ክልል፣ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ነበሩ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ተቋቋሙ። ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲሆን ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት። እንግዲህ በአንድ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን የሚያስተምሩ ሦስት መምህራን የትምህርት ማስረጃ በሦስት ክልሎች መዝገብ ቤቶች ሊገኝ ይችላል። እያንዳንዱ ክልል ሥርዓተ ትምህርቱን በየፊናው ማሻሻሉ ስለማይቀር፣ የቀድሞው የኮርስ መግለጫ ሳይሰበሰብ ከቆየ ነገ የሚመሳከርበት ሰነድ ይጠፋል።

ሁለተኛው የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል አሠራር የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጡ ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በወላይትኛ ለብዙ ዓመታት ያስተማረች መምህርት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። የዕውቀት ማነስ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የቋንቋ ልምምድ መቋረጥ ነው። በሌላ በኩል ወላይትኛ ራሱ የትምህርት መስክ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። በኮሌጅ ወላይትኛን የተማረ መምህር ሕፃናትን እንዴት ማንበብና መጻፍ እንደሚያስተምር ሠልጥኗል፤ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቋንቋውን የድምፅ ሥርዓት፣ ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ያጠናል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ የሌላው ድግግሞሽ አይደለም።

ሦስተኛው የጊዜና የኑሮ ጉዳይ ነው። በሥራ ላይ ያለ መምህር በአብዛኛው የሚማረው በክረምት መርሐ ግብር ነው። ክረምት በወላይታ የእርሻ ሥራ ያለበት ወቅት ነው፤ የመሬት ይዞታው አነስተኛ በሆነበትና ሕዝቡ ተጠጋግቶ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ የመምህሩ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከራሱ አልፎ ለዘመድም ይተርፋል። ስለሆነም በየክረምቱ ሶዶ ወርዶ ቤት መከራየትና መቀለብ የቤተሰቡን በጀት ይነካል። አንድ ክረምት መጨመሩ ወይም መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

4. ማመሳከር ማለት ምን ማለት ነው?

ማመሳከር የኮርስን ስም ከኮርስ ስም ጋር ማስተያየት አይደለም። ስም ያሳስታል። በትክክል የሚመሳከሩት የሚከተሉት አራት ነገሮች ናቸው።

ሀ/ ይዘት፤ የሁለቱ ኮርሶች መግለጫ ጎን ለጎን ተቀምጦ ምዕራፍ በምዕራፍ ይታያል። ምን ያህል ሲገጥም ነው አቻ የሚባለው? የሚለው ወሰን አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ ይኖርበታል። አለበለዚያ አንዱ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የተቀበለውን ሌላው ይጥለዋል።

ለ/ ጥልቀት፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር በሚሰጥ የዲፕሎማ ትምህርትና በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል «ካልኩለስ» የሚል ኮርስ ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያው ትኩረቱ ደንቦቹን ማወቅና መጠቀም ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ግን ደንቡ ከየት እንደ መጣ ማረጋገጥ ጭምር ይጠየቃል። ምዕራፎቹ ቢመሳሰሉም ከተማሪው የሚጠበቀው ሥራ የተለያየ ነው።

ሐ/ ጊዜ፤ በዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። የክሬዲት ሰዓት በዋነኛነት የሚቆጥረው ተማሪው ከመምህሩ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከአውሮፓ ተወስዶ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የገባው «ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ.» የተባለው መለኪያ ግን የተማሪውን ጠቅላላ ድካም፣ ማለትም ንባቡን፣ የቤት ሥራውንና የፈተና ዝግጅቱን ጭምር ይቆጥራል፤ አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ብንጨምር 48ቱ ሰዓት 144 ይሆናል፤ ይህም ወደ 5 ነጥብ ይጠጋል። እንግዲህ በአንዱ መዝገብ «3» በሌላው «5» ተብሎ የተጻፈው አንድ ዓይነት ትምህርት ሊሆን ይችላል። ይህን ያላስተዋለ መርማሪ የኮሌጁ ኮርስ ጎደለ ብሎ ይጥለዋል።

መ/ ምዘና፤ ውጤቱ ስንት ነው? ፈተናው ምን ጠየቀ? የሚለው ነው። ዝቅተኛው ተቀባይ ውጤት አስቀድሞ ከታወቀ ክርክር ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ ኮርሶቹ በሦስት ይመደባሉ። ሙሉ በሙሉ አቻ የሆነው ይቆጠራል። በከፊል አቻ የሆነው በአጭር ማሟያ ትምህርት ወይም በመመዘኛ ፈተና ይሟላል። አቻ የሌለው እንደ ገና ይወሰዳል። በመምህራን ረገድ ደግሞ ልዩ አስተያየት የሚያስፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ የማስተማር ተግባር ልምምድ ነው። ለብዙ ዓመታት ክፍል ይዞ ያስተማረ መምህር ቾክ ይዞ እንደማያውቅ ሠልጣኝ ልምምድ ይውጣ ቢባል የሚጨምርለት ጥቂት ነው። በምትኩ የትምህርት ዕቅዶቹን፣ ያዘጋጃቸውን መርጃ መሣሪያዎችና ያካሄደውን ተግባራዊ ምርምር አሰባስቦ እንዲያቀርብና በዚያ እንዲመዘን ማድረግ ይቻላል።

5. በቁጥር ሲታይ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ የዲግሪ መርሐ ግብር 120 ክሬዲት አለው፤ መምህሩም በአንድ ክረምት 15 ክሬዲት ይወስዳል እንበል። ምንም ሳይቆጠርለት ከጀመረ ስምንት ክረምት ይፈጅበታል። ከኮሌጅ ትምህርቱ 45 ክሬዲት በትክክል ተመሳክሮ ቢታወቅለት ቀሪው 75 ነው፤ አምስት ክረምት ይበቃዋል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በየትኛውም መርሐ ግብር ይሠራል። የሚድኑት ሦስት ክረምቶች ለመምህሩ የሦስት ወቅት የቤት ኪራይና ቀለብ ናቸው። ለዩኒቨርሲቲውም ሦስት ጊዜ ለሌላ ተማሪ ሊውል የሚችል ወንበር ነው።

6. የተገላቢጦሹ አደጋ

ከላይ የተባለው ሁሉ «ይቆጠርላቸው» ለማለት ብቻ እንደ ቀረበ ተደርጎ እንዳይወሰድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ ብሔራዊውን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው ተማሪው ኮርሱን የት እንደ ወሰደ አይጠይቅም፤ ማወቁን ብቻ ይጠይቃል። በልግስና የተቆጠረለት፣ ነገር ግን በሚገባ ያልተማረው ኮርስ ከዓመታት በኋላ በፈተናው ወረቀት ላይ ይገናኘዋል። ክረምቶቹን ጨርሶ፣ ገንዘቡን አውጥቶ በመጨረሻው ደጃፍ ላይ መቆም ከመጀመሪያው ከመከልከል የከፋ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ የጎደለው ቸርነት መምህሩን አይጠቅመውም። ትክክለኛ ማመሳከር የሚጠብቀው ተቋሙን ብቻ ሳይሆን ተማሪውንም ነው።

7. ከግብርናው መስክ የምንማረው

ለመሸጋገሪያው ሁነኛ አርአያ የሚሆነን ከመምህራን ሥልጠና ውጭ ይገኛል። በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሲቋቋሙ አንዱ በወላይታ ሶዶ ነበር። እነዚህ ኮሌጆች ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት እያሠለጠኑ በየቀበሌው የሚመደቡ የልማት ሠራተኞችን በዲፕሎማ አስመርቀዋል። የልማት ሠራተኛውም እንደ መምህሩ ሁሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዲግሪውን ጥያቄ ያነሣል።

ለዚህ ጥያቄ ቀድሞ መልስ የሰጠው የዓለማያ፣ የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሳሳካዋ በተባለው የጃፓን ድርጅት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1993 በጋና በኬፕ ኮስት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን አሠራር በመከተል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ላይ ላሉ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የዲግሪ መርሐ ግብር ከፈተ። በኋላም በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ መርሐ ግብር ተከፍቷል። የመርሐ ግብሩ ቁም ነገር ተማሪዎቹን በመደበኛው ክፍል ጀርባ ማስቀመጥ አለመሆኑ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀረጸው ዲፕሎማና የሥራ ልምድ ላላቸው ሰዎች ተብሎ ነው። ተማሪዎቹ ከንድፈ ሐሳቡ ትምህርት በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው፣ ከገበሬው ጋር የነደፉትን ሥራ በመምህራን ክትትል ይፈጽማሉ፤ ይህም የዲግሪያቸው አካል ሆኖ ይመዘናል። የሥራ ቦታው የትምህርቱ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የትምህርቱ ክፍል ሆነ።

ይህ አሠራር ለመምህራን በቀላሉ ይስማማል። በአረካ ወይም በቦዲቲ የሚያስተምር የክረምት ተማሪ በመስከረም ወደ ክፍሉ ሲመለስ ትምህርቱ መቋረጥ የለበትም። በዓመቱ ውስጥ በገዛ ተማሪዎቹ የንባብ ችግር ላይ የሚያካሂደው፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከኮሌጁ በመጡ መምህራን የሚጎበኝ ጥናት ክሬዲት ያለው ሥራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መንደሩም ከመምህሩ ትምህርት ወዲያውኑ ተካፋይ ይሆናል።

8. ለአፈጻጸሙ የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሀ/ ከመምህሩ፤ ዲፕሎማውንና ትራንስክሪፕቱን ብቻ ሳይሆን የወሰዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር መግለጫ ኮሌጁ ሥርዓተ ትምህርቱን ከመለወጡ በፊት አስገልብጦ ይያዝ። የሥራ ልምድ ማስረጃውንና የክፍል ሥራዎቹን ከዛሬ ጀምሮ ያሰባስብ። የመግቢያ መስፈርት በየጊዜው በሚወጣ መመሪያ ሊለወጥ ስለሚችል፣ የጓደኛውን የአምና ልምድ ሳይሆን የዓመቱን ማስታወቂያ ይከተል። ኦፊሴላዊው ማስረጃ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር የሚላክ ስለሆነም ጥያቄውን አስቀድሞ ያቅርብ። ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የእንግሊዝኛ ንባቡን ቢያድስ ከማንኛውም ዝግጅት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለ/ ከኮሌጁ፤ በየዓመቱ ተሠርቶባቸው የነበሩትን የኮርስ መግለጫዎች በዓመተ ምሕረታቸው ለይቶ በመዝገብ ቤት ያኑር። ሥርዓተ ትምህርት ሲያሻሽል ተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ በውይይቱ ያሳትፍ።

ሐ/ ከዩኒቨርሲቲው፤ የአቻነት ውሳኔ ለእያንዳንዱ አመልካች በተናጠል ከመሰጠት ይልቅ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ይታወጅ። ከዚህ ኮሌጅ፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ የትምህርት መስክ የተመረቀ ሰው ይህ ይቆጠርለታል፣ ይህ ይጎድለዋል የሚል ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ቢዘጋጅ ለመቶዎች ያገለግላል። የመውጫ ፈተናው የሚያተኩርባቸው ኮርሶችም ከማሟያ ትምህርቶቹ ጋር ይያያዙ።

መ/ ከክልሎቹ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያና የሲዳማ ክልሎች የትምህርት ቢሮዎች ቀድሞ በጋራ ይሠሩበት የነበረውን የዲፕሎማ ሥርዓተ ትምህርት ሰነድ በጋራ ቢያስቀምጡት፣ መምህሩ በክልሎቹ መከፈል ምክንያት ማስረጃ ፍለጋ አይንከራተትም።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ከዲፕሎማ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገር የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለት የተለያየ ዓላማ የነበራቸው ሥርዓተ ትምህርቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ግንኙነቱ አስቀድሞ ካልታሰበበት ወይ መምህሩ የተማረውን ደግሞ ይማራል፣ ወይ ያልተማረውን ይዘልላል፤ በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው በመጨረሻ እርሱ ፊት የተቀመጠው ሕፃን ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱ ተቋማት የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች የኮርስ መግለጫዎቻቸውን ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።